ቅዳሜ ጠዋት ወንዶች ብቻ ይመርመሩ ተባለ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የሲስተር መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ዕድሜዬ 47 ነው። አዳማ ውስጥ በአንድ ድርጅት የንብረት ክፍል እሠራለሁ። ሰሞኑን የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ዕድሜያቸው ከ40 በላይ የሆነ ወንድ ሠራተኞች በሙሉ ቅዳሜ ጠዋት ለነጻ የጤና ምርመራ በባዶ ሆድ እንዲገኙ የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና የፕሮስቴት (በወንዶች ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ) ምርመራ ነው ተብሏል። አምናም እንዲሁ ተደርጎ ግፊቴ 160 በ100 ነው ብለው ከነስሜ ዝርዝር ላይ ጻፉት፤ ዝርዝሩም ለሰው ኃይል አስተዳደር ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ አለቃዬ ከበድ ያለ ሥራ ሲመጣ «እሱን ተዉት፣ ግፊት አለበት» እያለ ያልፈኛል። የደረጃ ዕድገቱንም ከእኔ በኋላ የመጣ ሰው አገኘው። እኔን ግን ምንም አያመኝም። ቅዳሜ ልሂድ ወይስ ልቅር?

መልስ፦ ይሂዱ፣ ወንድሜ። እንደ አምናው ግን አይሆንም።

አስቀድሜ ስለዚያች 160 በ100 ልናገር። እውነተኛ ልትሆን ትችላለች፤ ላትሆንም ትችላለች። ረጅም ዘመን በፋብሪካ ክሊኒክ ስሠራ እንዲህ ያለውን የአንድ ቀን ምርመራ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰልፉ እስከ ግቢው ይደርሳል። ሰዉ ደረጃውን ወጥቶ እያለከለከ ወንበሩ ላይ ይወድቃል፤ የመለኪያው ጨርቅ በሹራቡ ላይ ይጠቀለልበታል፤ የምትለካው ነርስ በዚያው ቅጽበት «ስም? ክፍል? ዕድሜ?» ትላለች፤ ከኋላ ያለው ባልንጀራው ደግሞ «አይዞህ፣ ኑዛዜህን እኔ እጽፍልሃለሁ» እያለ ያስቀዋል። እዚያ መካከል የተገኘ ቁጥር የማንም ግፊት አይደለም።

ቅዳሜ እንዲህ ያድርጉ። ከመለካትዎ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ አያጭሱ፣ አይሩጡ። ጫት የሚቅሙ ከሆነ በዋዜማው ይተዉት፤ ጫት ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሽንት ቤት ገብተው ይውጡ፣ የሞላ ፊኛ ብቻውን ቁጥሩን ይጨምራል። ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያጣምሩ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ሹራብዎን ያውልቁ። ክንድዎ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብዎ ትክክል ይረፍ። ክንድዎ ወፍራም ከሆነ ሰፊው ጨርቅ እንዲመጣልዎ ይጠይቁ፤ ጠባቡ የሌለ ግፊት ያሳያል። ሲለካ አይናገሩ፣ ስምዎን ቢጠይቁዎትም እንኳ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይደገምልኝ ይበሉ። በሌላ ቀንም ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ግፊት አለብዎት። ሌሊት ጥበቃ ያደረ ባልደረባ ካለዎት፣ ሳይተኛ መጥቶ እንዳይለካ ይንገሩት።

ምንም አያመኝም ብለዋል። ግፊት መች ያምና! ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥር ለዓመታት በጸጥታ ሲጎዳ ቆይቶ አንድ ቀን ግማሽ አካልን ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሀገራችን በተደረገ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ወደ 16 የሚጠጉት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ምንም የማያማቸው ነበሩ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት አንድ ነገር አለ። አምና 160 በ100 ካሉዎት በኋላ፣ እስከ ዛሬ ማን ደግሞ ለካዎት? ማንም። ወደ ሐኪም መሄድ የነበረበት ቁጥር ወደ አለቃዎ ሄደ። ያናደደኝ ይህ ነው። ድርጅቱ ገንዘብ አውጥቶ፣ ባነር ሰቅሎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በመጨረሻ ያተረፈው የስም ዝርዝር ነው።

የምርመራ ውጤት የተመርማሪው ነው። የሙያ ምስጢር ማውጣት በወንጀል ሕጋችን ያስቀጣል፤ ሐኪሙንም ነርሷንም ይመለከታል። አሠሪው ሊደርሰው የሚገባው «ለሥራው ብቁ ነው» ወይም «ከዚህ ዓይነት ሥራ ይራቅ» የሚል አንድ መስመር፣ ከዚያም ቢበዛ ስም የሌለበት ድምር ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት «ውጤቱ ለማን ይሰጣል?» ብለው ይጠይቁ። «ለድርጅቱ» ካሉ፣ ውጤቴን በእጄ ስጡኝ፣ ዝርዝሩ ላይ አታስፍሩት ይበሉ። እምቢ ካሉ እዚያ መለካት ግዴታ የለብዎትም፤ ሰኞ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ግፊት መለካት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው።

ስለ ዕድገቱ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ጤና ከሥራ ለማሰናበት እንኳ ምክንያት የሚሆነው ሠራተኛው ግዴታውን መወጣት ሲያቅተው ነው። ዕቃ ቆጥሮ የሚያስገባና የሚያስወጣ ሰው 160 በ100 ተጽፎበት ሥራውን ሳያስተጓጉል ዓመት ከሠራ፣ ምን አቃተው ሊባል ነው? ከሐኪም የብቁነት ወረቀት ያውጡና ዕድገቱ የተከለከሉበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያመልክቱ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ በኩል ያድርጉት፤ ብቻዎን ከአለቃ ጋር አይጨቃጨቁ፣ ግፊትዎን ይጨምርብዎታል።

ስኳሩን ይመርመሩ። በባዶ ሆድ ማለት 8 ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው፤ ስኳር ያለው ሻይ ቁርስ አይደለም የሚሉ ብዙ ወንዶች ስላሉ ነው ይህን የምጽፈው። ከ100 በታች ጥሩ ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያስጠነቅቃል፤ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገማል። የፕሮስቴቱን የደም ምርመራ ግን፣ አባትዎ ወይም ወንድምዎ በፕሮስቴት ካንሰር ካልታመሙ በስተቀር በ47 ዓመትዎ የሚያስቸኩልዎ የለም። ምክንያቱን ለሚቀጥለዋ እህት በሰጠሁት መልስ ያነቡታል።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ 58 ዓመቱ ነው። መሥሪያ ቤቱ ባዘጋጀው የወንዶች ምርመራ ፒኤስኤ የሚባለው 5.2 ወጣ። ወረቀቱን ሰጥተው ከ4 በላይ ስለሆነ ሐኪም ያማክሩ ብቻ ነው ያሉት። እሱም ካንሰር ነው ብሎ ተስፋ ቆርጧል፤ ምግብ አይበላም፣ ልጆቹን ሰብስቦ ስለ ቤቱ ካርታ ማውራት ጀምሯል። ምን ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ካርታውን ሳጥን ውስጥ መልሽው፣ እህቴ።

ፒኤስኤ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን ነው፤ ጤነኛ ፕሮስቴትም ያመነጨዋል። ዕድሜ ሲገፋ ፕሮስቴቱ ይተልቃል፣ ቁጥሩም አብሮ ከፍ ይላል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ከፍ ያደርገዋል። ብስክሌት መንዳትም እንዲሁ። በምርመራው ዋዜማ ባልና ሚስት ተገናኝተው ከሆነም ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህን ዶክተሩ አፍሮ ሳይጠይቀው ይቀራል፣ እሱም አፍሮ ሳይናገር ይቀራል፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ፒኤስኤያቸው ከፍ ብሎ ከፕሮስቴታቸው ናሙና ከተወሰደላቸው ወንዶች ካንሰር የሚገኝባቸው ከ4 አንዱ ገደማ ናቸው። ከተገኘውም ውስጥ አዝግሞ የሚያድግ፣ ሰውየው በሌላ ምክንያት እስኪሞት ድረስ ምንም የማያደርገው አለ።

ስለዚህ መጀመሪያ ሽንቱ ይመርመር፤ ኢንፌክሽን ካለ ይታከም። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ፒኤስኤው ይደገም፤ ከዚያ በፊት ለሁለት ቀን መገናኘት ይቅርባችሁ። አሁንም ከፍ ካለ የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ስፔሻሊስት ይየው። ለፀጉር ወይም ለፕሮስቴት ብሎ ፊናስቴራይድ የሚባል መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገር፣ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ይቀንሰዋልና።

የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር፣ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያለ ወንድ ጥቅሙንና ጉዳቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ራሱ ይወስን፤ 70 ዓመት ከሞላው ግን ምርመራው ይቅርበት ይላል። ተነጋግሮ ነው የሚለው! ለባለቤትሽ ግን ማንም ምንም ሳይነግረው ክንዱን ዘርግቶ ደም ሰጠ፤ ወረቀቱንም እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ተቀበለ።

ጥያቄ፦ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። ሥራ አስኪያጁ ለወንድ ሠራተኞች «ሙሉ ምርመራ» እንዳዘጋጅ አዘውኛል። ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ይግቡበት? ሌላስ ምን ይካተት?

መልስ፦ ለምን ወንዶች ብቻ እንደሆኑ ሥራ አስኪያጁን ጠይቂልኝ፤ የሴቶቹ ግፊት አይለካም? ወንዶች ካልወደቁ ክሊኒክ አይመጡም ከሆነ ምክንያታቸው፣ እሱስ እውነት ነው፣ አልከራከራቸውም።

ኤችአይቪን አታስገቢ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አሠሪው አዲስ ገቢዎችንና አደገኛ ሥራ ላይ ያሉትን እንደ ሥራው ጠባይ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ሲያዝ፣ ኤችአይቪን ለይቶ አስወጥቶታል። የሚፈልግ ሰው በራሱ ፈቃድ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

የምርመራውን ዝርዝር አታርዝሚ። ኮክሬን የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2019 ከ250 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን ጥናቶች አሰባስቦ ሲገመግም፣ ጤነኛ ሰውን በጅምላ ማስመርመር የሞትን ቁጥር ሲቀንስ አላገኘም። ለረጅሙ የላቦራቶሪ ዝርዝር የሚወጣውን ገንዘብ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሰዎች በወር በወር ተመልሰው የሚለኩበት ነርስ ቅጠሪበት። ጃፓን ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሠሪን ለዓመታዊ ምርመራ በሕግ ታስገድዳለች፤ ከ2008 ወዲህ ደግሞ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 74 የሆኑትን ወገብ ታስለካለች፣ ወንዱ 85 ሴንቲሜትር ደርሶ እንደ ግፊት ወይም ስኳር ያለ ሌላ ችግር ከተገኘበት ምክር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ለእኛ ይስማማ አይስማማ ሌላ ጉዳይ ነው፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ግን የትም አለ። ማሽን የሚጮኽበት ክፍል ካላችሁ የዚያን ክፍል ሠራተኞች ጆሮ አስመርምሪ፤ ጥጥ ወይም ሲሚንቶ ካለ ሳንባቸውን። ሥራው የሚያመጣውን በሽታ ትታችሁ ኮሌስትሮል ብትለኩ ትዝብት ነው።

የጉበት ቫይረስ ቢ ከሆነ የምታስመረምሪው፣ አስቀድመሽ ሁለት ነገር አዘጋጂ። ቫይረሱ የተገኘበት ሰው በምስጢር ወደ ሐኪም የሚላክበት መንገድ ይኑር፤ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥም ሆነ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት እንደማይተላለፍ ለሠራተኛው ሁሉ ከምርመራው በፊት ይነገር። ያልተያዙት ክትባቱን ይውሰዱ፤ 3 ጊዜ ነው፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በ6ኛው ወር። በጀቱ ለሦስቱም ዙር መሆኑን ካላረጋገጥሽ አትጀምሪው።