የሚቆጣጠር ሴል ወይስ የሚገታ?

ጥያቄ፦ ጎንደር የጤና ተማሪ ነኝ። ሰውነት ራሱን ስለሚያጠቃበት በሽታ በአማርኛ ስጽፍ «የመከላከያ ሴሎች እርስ በርሳቸው ይቆጣጠራሉ» አልሁ። ጓደኛዬ «የሚቆጣጠረው አንዱ ወገን ነው፤ እርስ በርስ አይባልም» አለችኝ። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት።

«እርስ» የግዕዙ «ርእስ» ነው፤ ራስ ማለት። «እርሱ»፣ «እርሷ»፣ አሁን የጠራሁዎት «እርስዎ» ሳይቀር ከዚያው የወጡ ናቸው። «ራስን የሚያጠቃ» ሲሉም ያው ራስ ነው። በሽታውንም መድኃኒቱንም የሚሸከመው አንድ ሥር ነው። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ነገሩም በእውነት እርስ በርስ ነው። ጃፓናዊው ተመራማሪ ሺሞን ሳካጉቺ በ1995 እ.ኤ.አ. ያሳወቃቸው ቲ ሴሎች (ቲ ሴል ከመከላከያ ነጭ የደም ሴሎች አንዱ ዓይነት ነው) አጥቂዎቹን ቲ ሴሎች ያበርዳሉ። አንዱ መንገዳቸው ኢንተርሉኪን-2 የተባለውን መልእክተኛ ፕሮቲን ተሻምተው መውሰድ ነው። ግን ራሳቸው አያመርቱትም። የሚያመርቱት እነዚያው አጥቂዎች ናቸው፤ ያለ እሱ ደግሞ አብራጆቹ አይሰነብቱም። ሚዛኑ ከፈረሰ ጉዳቱ ከባድ ነው። ለአብራጆቹ መፈጠር የሚያስፈልገው ፎክስፒ3 የተባለው ጂን የተበላሸበት ሕፃን ገና በጨቅላነቱ ዓይነት 1 ስኳር ሊይዘው ይችላል።

እኔን የሚከነክነኝ የአብራጆቹ ስም ነው። «ተቆጣጣሪ ቲ ሴል» ብቻ ነው ትክክሉ የሚሉ አሉ። አልስማማም። «ተቆጣጠረ» የ«ቆጠረ» ድጋሚ ነው፤ «ጠ»ን ደግመን ያወጣነው፣ መላልሶ መቁጠር። የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ትኬት ያያል እንጂ ፍሬን አይዝም። በጥምቀት ፈረሰኛው ልጓሙን ሳብ ሲያደርግ ግን «ገታው» እንላለን። ፈረሱ ጉልበቱ አልጠፋም፤ ረገብ አለ እንጂ። የእነዚህ ሴሎች ዋና ሥራ ይኸው ነው። እኔ ብሆን «ገቺ ቲ ሴል» እላቸው ነበር።

ዳሩ ግን የቆጠራው ትርጉም ራሱ ይሞግተኛል። አጥቂዎቹ በሚያመርቱት ልክ የገቺዎቹ ቁጥር ይወሰናል፤ ገቺዎቹም በበኩላቸው የአጥቂዎቹን ብዛት ይወስናሉ። ይህ መቆጣጠር ካልተባለ ምን ሊባል ነው? በዚያ ላይ ሳካጉቺ፣ ሜሪ ብሩንኮው እና ፍሬድ ራምስዴል በ2025 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ተሸልመውበታል፤ የማገኛቸው ተማሪዎችም ሁሉ «ተቆጣጣሪ» ነው የሚሉት። ቃሉ ሥር ሰዷል፤ ልነቅለው አልችልም።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገርዎን እንዳለ ይተዉት። ስሙንም «ተቆጣጣሪ» ይበሉት። አንዱ ወገን በሌላው ላይ ስለሚሠራው ብቻ ሲጽፉ ግን «አጥቂዎቹን ይገታሉ» ይበሉልኝ።