አራት ቀን የታሰበበት ዋጋ

ደብዳቤው ረጅም ነው፤ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጸሐፊዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት። አራት ዓመት ከሠራችበት ባንክ ከስምንት ወር በፊት ለቅቃ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ በምትኖርበት ቤት የሰርግ ጥሪ ካርድ ትሠራለች። ፊደሉን በእጇ ጽፋ ነው የምታሳትመው። «አንዲት ሙሽራ የ150 ካርድ ዋጋ በቴሌግራም ጠየቀችኝ። ቢበዛባትስ፣ ለእኔስ ቢያንስብኝ እያልኩ አራት ቀን አሰብኩ። በአምስተኛው ቀን ልጽፍላት ስል አፈርኩ፤ ይኸው እስካሁን አልመለስኩላትም። ሎጎዬን አምስት ጊዜ ቀይሬዋለሁ። እናቴ ወደ ባንኩ ተመለሺ ትላለች። ወንድሜ ከአሜሪካ የቤት ኪራዬን ባይልክልኝ ምን እንደምሆን አላውቅም። ንግድ ፈቃድ ላውጣ? ቲክቶክ ልጀምር? ጭንቅላቴ አላርፍ አለኝ፤ ምን ይሻለኛል?»

እኅቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ። የተናደድኩት በራሴ ነው፤ ያንቺን ነገር አውቀዋለሁና። የሰው ሥራ መምከር ከመጀመሬ በፊት፣ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሳይፈርስ፣ እዚያው አካባቢ ማተሚያ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ። በገባሁ በዓመቴ አንድ የሰርግ ካርድ ተሰጠኝ። ከሰዓቱን ሙሉ የፊደሎቹን ክፍተት ሳጠብና ሳሰፋ፣ አበባውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሳንቀሳቅስ ዋልኩ። ሁለት ጊዜ «አለቀ?» ተባልኩ፤ ሁለት ጊዜ «ትንሽ» አልኩ። ታተመ። 300 ካርድ ተቆርጦ፣ ታጥፎ፣ በካርቶን ገብቶ ሳለ የሙሽራዋ አጎት አንዱን አንሥቶ አየና ዝም አለ። «ኃይሉ» የሚለውን የአባቷን ስም «ኃሉ» ብዬ አሳልፌዋለሁ። ያን ሁሉ ሰዓት ካርዱ ላይ ዓይኔን ተክዬ ስሙን አንድ ጊዜ እንኳ አላነበብኩትም። የወረቀቱ ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ።

ስለዚህ «ሐሳብ የማበዛው ለሥራዬ ስለምጠነቀቅ ነው» ስትዪኝ አላምንሽም። አስር ጊዜ ለክተሽ አንድ ጊዜ ቁረጪ ሲሉሽ አድገሻል፤ አንቺ ግን አስር ጊዜ ለክተሽ መቀሱን ትደብቂያለሽ። እኔ ቢያንስ «አለቀ?» የሚለኝ ሰው ነበረኝ። አንቺ ቤት ጠያቂውም መላሹም ዳኛውም አንቺው ነሽ። ደግሞ «ይበዛባት ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ ከሙሽራዋ በቀር ማን ይመልሰዋል? አራት ቀን ሙሉ የእሷን ኪስ እቤትሽ ቁጭ ብለሽ ስትቆጥሪ ነበር።

የራስሽን ኪስ እንቁጠር። ማተሚያ ቤቱ ከነወረቀቱ በካርድ 38 ብር እንደሚያስከፍልሽ ጽፈሻል፤ ለ150 ካርድ 5,700 ብር ነው። ባንክ በእጅሽ ይገባ የነበረው 13,000 ብር ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 500 ይመጣል። ሦስት ቀን ትሠሪያለሽ፣ አንድ ቀን ለእርማትና ለመብራት መጥፋት ያዢ፤ 2,000 ብር። ድምሩ 7,700። በካርድ 65 ብር ብትዪ 9,750 ይሆናል፤ የተረፈው 2,050 ለሚበላሽ ወረቀት፣ ለትራንስፖርትና ለነገ ሥራሽ ነው። ቀብዱን ግን ግማሽ አታድርጊው። ግማሹ 4,875 ነው፤ ህትመቱን እንኳ አይሸፍንም፤ ሰርጉ ቢቀር ካርዱ አንቺው ላይ ይቀራል። 60 በመቶ ተቀበዪ፣ 5,850 ብር፤ በቴሌብር ሳይገባልሽ እስክሪብቶ አታንሺ።

ይሄን ሂሳብ ስንሠራው ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም። ለ100፣ ለ200፣ ለ300 ካርድም ሥሪውና በአንድ ምስል ጽፈሽ ቻናልሽ አናት ላይ ስቀዪው። «ዋጋ በኢንቦክስ» የምትዪውን ነገር ተዪ፤ ለደንበኛ ያስቸግራል፣ ለአንቺ ደግሞ በየመልእክቱ አዲስ የአራት ቀን ጭንቀት ነው። ከዚህ በኋላ የጠየቀሽን ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ መልሺለት። ሦስት ሰው በተከታታይ ውድ ነው ካለሽ ያኔ እንደገና እናስላው፤ አንዲቷ ዝም ስላለች ግን ዋጋ አይነካም።

ደግሞ የምትሠሪው ዕቃ ቀኑ ካለፈ ለምንም አይሆንም። ጾመ ነቢያት ሲፈታ የክርስቲያኑ ሰርግ ጥር ላይ ይጎርፋል፤ ካርዱ የሚታዘዘው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሁዳዴን 55 ቀን ሰርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ የሚያገቡት ግን ያኔ ነው ካርድ የሚያሠሩት። ሙስሊም ደንበኞችሽም ከረመዳን በፊትና በኋላ የራሳቸው ወቅት አላቸው። ሎጎሽን ክረምት ላይ ቀይሪው፤ ሐምሌ ሙሉ ያንቺ ነው።

አሁን የማትወጂውን ልንገርሽ። ወንድምሽ መልካም ሰው ነው፤ ግን አራት ቀን የምታስቢበትን ጊዜ የሚገዛልሽ እሱ ነው። ኪራይዋን በራሷ የምትከፍል ሴት የ9,750 ብር ጥያቄ አምስት ቀን ሳትመልስ አታሳድርም። እሱም እዚያ በድርብ ፈረቃ እየሠራ ይሆናል፤ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ደውዪለትና የምታቆሚበትን ወር አንቺው ንገሪው። እስከዚያ የሚልከውንም ብድር ብለሽ ደብተር ላይ ጻፊው። ይከፋዋል፤ ይከፋው።

እናትሽ የሚያሳስባቸው ጎረቤት ሲጠይቃቸው የሚመልሱት ነው፤ ካርዶችሽን በሳጥን አድርገሽ ስጫቸው፣ ያሳዩ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌም ማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር እንግሊዝ የተላከው እያልሽ ግን አትሟገቻቸው፤ እሱን የላኩት ንጉሡ ነበሩ። ባንክ አትመለሺ። ገንዘብ ካጠረሽ ማተሚያ ቤት ግማሽ ቀን ግቢ፤ ደሞዙ ያንሳል፣ ነገር ግን ወረቀትና ቀለም ታውቂያለሽ፣ «አለቀ?» የሚልሽ ሰውም ታገኛለሽ። ንግድ ፈቃድ አዎ፤ ያለ ደረሰኝ የሚያሠራሽ ድርጅት የለም። ቲክቶክም ይሁን፤ ፊትሽ ሳይታይ እጅሽ አንድ ስም ሲጽፍ 20 ሰከንድ ቅረጪ።

ለዚያች ሙሽራ ዛሬ ማታ ጻፊላት። ሰበብ አታብዢ፤ «ዘገየሁብሽ፣ ይቅርታ፤ 150 ካርድ 9,750 ብር ነው» በቂ ነው። እስካሁን ሌላ ቦታ አሳትማ ይሆናል። የምስጋና ካርዱን ግን ገና አላሰበችበትም፤ የእሱንም ዋጋ ከሥሩ ጨምሪበት።