ዕረፍት የሚነሳ ዜና

ጥያቄ፦ ጠዋት ዐይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማነሣው ስልኬን ነው፤ ማታም እንቅልፍ እስኪጥለኝ ድረስ ዜና አነባለሁ። ጭንቀቱ በረታብኝ። እንዳልተወው ደግሞ ለሰው ሥቃይ ግድ የሌለኝ ሆኜ ይሰማኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ለሰው ሥቃይ መጨነቅዎ የሚያስከብርዎት ነው፤ ዜናን ጨርሰው ይተዉ ብለንም አንመክርም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት በኋላ የተደረገ አንድ ጥናት፣ በጥቃቱ ማግስት በነበሩት ቀናት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘገባውን ሲከታተሉ የቆዩ ሰዎች፣ በስፍራው ወይም በአቅራቢያው ከነበሩት ይልቅ ከፍ ያለ የጭንቀት ምልክት እንደታየባቸው አሳይቷል። ያን ያህል ሰዓት መመልከት ደግሞ ለተጎጂው የሚያስገኝለት አንዳች ጥቅም የለም።

ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ የሬዲዮ ዜናም ሰዓቱ ሲደርስ ያበቃል። በስልክ ላይ ግን ጣት በገፋ ቁጥር ሌላ ዜና ስለሚከተል፣ አንባቢው ራሱ ማብቂያ ካላበጀለት ሌላ የሚያበጅለት የለም። ስለዚህ የዜና ማሳወቂያዎችን ያጥፉና በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላና ከእራት በፊት፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይመድቡ።

ሰበር ዜና ያመልጠኛል ብለው ይሰጉ ይሆናል። በዚያው የቦስተን ጥቃት፣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ታላላቅ የዜና ተቋማት ሳይቀሩ ተጠርጣሪ መያዙን ዘግበው ብዙም ሳይቆዩ ለማረም ተገደዋል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚነገረው የሟቾች ቁጥርም ሆነ የአድራጊው ማንነት ብዙ ጊዜ ስለሚለወጥ፣ እስከ ማታ የታገሠ ሰው የሚያገኘው ይበልጥ የተጣራውን ነው። የራስዎን ወይም የቤተሰብዎን ደኅንነት የሚነካ አደጋ ሲሆን ግን ይህ ምክር አይሠራም፤ ያን ጊዜ በቅርብ ይከታተሉ።

ሁሉንም ጉዳይ በጥቂት በጥቂቱ ከመቃኘት ይልቅ አንድ ወይም ሁለት የሚያሳስብዎትን መርጠው ሰፋ ያለ ዘገባ ቢያነቡ፣ የሚረዱበትም መንገድ ካለ ቢረዱ፣ ለሰው የማሰብ ግዴታዎን በተሻለ ይወጣሉ ብለን እናምናለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅዎ በልማድ ስልኩን መፈለጉ አይቀርም። ሌሊት ስልኩን ከመኝታ ክፍል ውጪ ያሳድሩት፤ ለመቀስቀሻም ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃዎታል።