የሀበሻ ውሻ ሰው ፈልጎ ያገኛል? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰማዩ ሲጠቁር የድሬዳዋ ሰው ጎርፍ ፈርቶ ዓይኑ ደቻቱ ወንዝ ላይ ነው። የሰሞኑ ጥያቄዎችም ስለ ነፍስ አድን ውሾች ሆኑ።

«አቦ፣ የኔ ውሻ ተራ የሀበሻ ውሻ ነው። ጀርመን ሼፐርድ ካልሆነ ከፍርስራሽ ስር ሰው አያገኝም ይሉኛል። እውነት ነው?» (ከሳቢያን)

አይደለም። ጀርመን ሼፐርድና ላብራዶር ይመረጣሉ፤ ግን ዲቃላ ውሾችም በየአገሩ ይህን ሥራ ይሠራሉ። ዋናው ነገር የጨዋታ ፍቅሩ ነው። ኳሱን ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውርለት። ትንሽ ዞር ዞር ብሎ ከተወው፣ አታድክመው። ካላገኘሁ አልመለስም ካለ ግን ተስፋ አለው።

ስልጠናው የሚጀምረው በአኩኩሉ ነው። አንድ ሰው ኳሱን ይዞ ይደበቃል። ውሻው አግኝቶት ሲጮህ ኳሱ እዚያው ይሰጠዋል። ቀጥሎ የማያውቀው ሰው ይደበቃል፣ ከዚያ በጣውላና በድንጋይ ክምር ስር። ለሥራ እስኪበቃ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ 2 ዓመት ይፈጃል። አንተም አብረህ ትሰለጥናለህ፤ ብዙ ሰው የሚሰለቸው እዚህ ላይ ነው። በደንብ ያልሰለጠነ ውሻ ይዞ አደጋ ቦታ መሄድ ደግሞ ባዶ እጅ ከመሄድ ይብሳል። ውሻው ዝም ብሎ ካለፈ ሰው «እዚህ የለም» ብሎ ቁፋሮውን ይተዋላ!

«በ1998ቱ ጎርፍ ስንቱ ሰው በአሸዋ ተውጦ ቀረ። ያኔ ውሻ ቢኖር ያገኛቸው ነበር?» (አንዲት እናት፣ ከደቻቱ)

እማማ፣ የተወሰኑትን ሊያገኝ ይችል ነበር። ያ የሐምሌ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ቀጥፏል። አስከሬን የሚፈልግ ውሻ ስልጠናው ለብቻ ነው። ሽታ በእርጥብ ደለል ውስጥ ቶሎ ስለማይወጣ፣ ባለሙያዎቹ መሬቱን በረጅም ዘንግ እየወጉ ውሻው እንዲያሸት ያደርጋሉ። ግን ጎርፍ ሰውን አርቆ ይወስዳል። ሁሉም ይገኙ ነበር ብዬ አልዋሽዎትም።

«ይሄን ሙቀት ውሻ ይችለዋል?» (ከከዚራ)

ይቸግረዋል። ውሻ እንደኛ በላብ አይቀዘቅዝም፣ ያለከልካል። እያለከለከ ደግሞ በደንብ አያሸትም። ስለዚህ በሙቀት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሠርቶ ያርፍና ሌላው ይተካዋል። ልምምዱን ማለዳ አድርጊው። ውሃም አይለይሽ።

«ቀን ሥራ ላይ ነኝ። ማታ ማታ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባሰለጥነውስ?» (ከሐረር)

ወንድሜ፣ ማታማ ሰፈሩ የጅቦቹ ነው! ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ይበቃሃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም ቀድመህ አስከትበው።