ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው አለ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የጎንደር ልጅ ነኝ። ላገባት ያሰብኳት ልጅ ቤተሰቦቿ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እናቴ «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያለች ታለቅሳለች። ልጅቷ አብራኝ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች ናት። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ይህ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ያመኛል።

ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው የለም ስል፣ ሰዎች «ታዲያ ክፉ መንፈስ የለም ልትሉን ነው?» ይሉኛል። አለ እንጂ! ጠበል የምንጠመቀው ለምን ሆነና? ግን ርኩስ መንፈስ ዘር የለውም። ከአባት ለልጅ እንደ ወናፍ አይወረስም። ጭቃ የምታቦካዋን ትቶ፣ ጤፍ የሚዘራውን ሊይዝ ይችላል።

ጉትቻ ያደረገ ጅብ ተገደለ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ማን አየ ስል፣ ያየው ሁሌ ሌላ ሰው ነው። ወሬው ግን አንጥረኛውንና ሸክላ ሠሪዋን ከሰው ተራ አወጣ። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ይኖሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤልንም፣ የአይሁድ እምነት ተከታይ ወገኖቻችንን፣ እንዲሁ። ርስት ከልክለን በእጃቸው ሥራ እንዲያድሩ አደረግን፤ ዞረን ደግሞ በዚያው ሥራ ሰደብናቸው።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ፣ ጀበና የተሸከመች ሴት ስታልፍ አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላ ሸፈነች። ሴትዮዋ አየች። አንገቷን ደፍታ አለፈች። እጇ ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም ነበር። አዳምን ከምድር አፈር ያበጀው ማን ነው? (ዘፍ. 2፥7) ኢሳይያስስ «እኛ ጭቃ ነን፣ አንተም ሠሪያችን ነህ» ሲል ማንን ማለቱ ነው?

ሰው በላ ከተባለ፣ በተአምረ ማርያም ታሪኩ የሚነበበው በላኤ ሰብእ አለልህ። 78 ነፍስ የበላ ነው። አንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በእሷ ምልጃ ምሕረት አገኘ። የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረትን ስናነግሥ ይህን እየሰማን እልል እንላለን። ሰው የበላውን ሰው ብለን ተቀብለን፣ እንስራ የሠራችውን ጅብ እንላለን? ልጄ፣ ይህ ኃጢአት ነው። ንስሐ የሚያስፈልገው ለእኛ ነው።

እናትህን ግን አትቆጣቸው። የፈሩት ለአንተ ነው፤ ፍርሃቱንም ከእናታቸው ተቀብለውት ነው። ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ተቀመጥ። ጀበናው፣ ምጣዱ፣ እንስራው ከማን እጅ እንደመጣ ቀስ ብለህ ጠይቃቸው። ለሽምግልናው ቀን ስትቆርጥ ንገረኝ፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ።