መልስ፦ 500 ዋት የቤዝ ጊታር ሄድ (ስፒከር የሌለው አምፕሊፋየር) ባለ 8 ኦም ካቢኔት (የስፒከር ሳጥን) ላይ ይሰራል ወይ ላልከው
ይሰራል ወንድሜ ችግር የለውም። 500 ዋት የሚለው እኮ በ4 ኦም ነው (ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም ነው፣ ሲያንስ ከሄዱ ብዙ ጉልበት ይስባል)፣ አንድ ባለ 8 ኦም ፎር ባይ ቴን (አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ያለው ካቢኔት) ብቻ ስትሰካበት 300 ዋት ገደማ ነው የሚሰጥህ፣ ለልምምድና ለትንሽ ክለብ ግን ይበቃል ባይ ነኝ። ካነሰህ ሌላ ባለ 8 ኦም ጨምርበት፣ ሁለቱ በፓራለል (ጎን ለጎን) ሲያያዙ 4 ኦም ይሆኑና ሄዱ ሙሉ ጉልበቱን ያወጣል። ብቻ ሁለት ባለ 4 ኦም ካቢኔት እንዳታደርግ፣ 2 ኦም ይሆንና ሄዱ ግሎ ይጠፋብሃል፣ ሊቃጠልም ይችላል (ጀርባው ላይ ሚኒመም ስንት ኦም እንደሚል እየው)። ፊፍቲን (ባለ 15 ኢንች ስፒከር ካቢኔት) ልጨምር ወይ ላልከው እኔ ብሆን ያንኑ ፎር ባይ ቴን ነው የምደግመው፣ ዓይነታቸው ሲለያይ አንዱ ይጮህና ሌላው ይደክማል። ሄዱንና ካቢኔቱን የሚያገናኘው ኬብል ደግሞ የስፒከር ይሁን፣ የጊታሩን ኬብል እዛ እንዳትሰካ ቀጭን ስለሆነ ይግላል።