አይፎን ወይስ አንድሮይድ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ያርፋሉ፤ «ከውዶቹ ስልኮች የቱን ልግዛ?» ስልክ ለመግዛት ወራት ያጠራቀመ ሰው ተድበስብሶ የሚታለፍ መልስ አይገባውም። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

«የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግማሹ ጓደኞቼ አይፎን ግዢ ይሉኛል፣ ግማሹ የሳምሰንጉን አንድሮይድ፣ ጋላክሲን። በአንድ ቃል የቱ ይሻላል?»

በአንድ ቃል የሚያልቅ ቢሆን ጓደኞችሽ ባልተጨቃጨቁ ነበር። በዚህ ደረጃ ያሉ ስልኮች ሁሉም ፈጣን ናቸው፣ የሁሉም ስክሪን ያምራል። ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ካላየሽ ልዩነቱ አይታወቅሽም። እኔ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፤ ላፕቶፕሽ ምንድን ነው? ማክ ከሆነ አይፎን ያዢ። ስልኩ ላይ ኮፒ ያደረግሽውን ላፕቶፑ ላይ ፔስት ታደርጊዋለሽ፣ ፋይልም በኤርድሮፕ ወዲያው ይሄዳል። ዊንዶውስ ከሆነ ጋላክሲው ይስማማዋል፤ ከኮምፒውተሩ ሳትነሺ መልእክትና ፎቶሽን ታያለሽ።

ሌላም አለ። ስልክሽ ሲያስቸግርሽ «እስቲ እየው» ብለሽ የምትሰጪው ሰው ምን ይይዛል? እሱ የሚያውቀውን ስርዓት ብትይዢ ብዙ ጭንቀት ይቀርልሻል።

«ስምንት ዓመት አንድሮይድ ተጠቅሜያለሁ። ወደ አይፎን መዞር አስቤ የልጆቼ ፎቶና የዋትሳፕ መልእክቶቼ እንዳይጠፉብኝ ፈራሁ።»

ፍርሃትዎ ልክ ነው። እኔም ላይ ስለደረሰ ይህን ጥያቄ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ከዓመታት በፊት ስልክ ስቀይር ፎቶዎቼን ሁሉ አሻግሬ፣ ጨረስኩ ብዬ አሮጌውን ስልክ ሪሴት አድርጌ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፋሁት። በማግስቱ ዋትሳፕን ስከፍት ባዶ ነው። አያቴ ከመሞቷ በፊት የላከችልኝ የድምፅ መልእክቶች እዚያ ነበሩ። አንዷ አሁንም ጆሮዬ ላይ ታቃጭላለች፤ መጀመሪያ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች፣ ከዚያ «በላህ ወይ?» ትላለች። ያችን መልሼ ማግኘት አልቻልኩም።

ፎቶ ቀላሉ ነው። ጎግል ፎቶስ ላይ ካስቀመጧቸው አይፎን ላይም ያው አፕ ስላለ በአካውንትዎ ገብተው ያገኟቸዋል። ቴሌግራምም አያስቸግርም። ቻቱ የሚቀመጠው ሰርቨር ላይ ስለሆነ በስልክ ቁጥርዎ ሲገቡ ይከተልዎታል፤ ሲክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ከነበረበት ስልክ አይወጣም።

ችግሩ ዋትሳፕ ነው። አንድሮይድ ላይ ባክአፑ፣ ማለትም የመልእክቶቹ መጠባበቂያ ቅጂ፣ የሚቀመጠው በጎግል አካውንት ነው፣ አይፎን ላይ በአፕል አይክላውድ። አንዱ የሌላውን አያነብም። መሻገሪያው «ሙቭ ቱ አይኦኤስ» የሚባለው የአፕል አፕ ነው። አንድሮይዱ ላይ ይጭኑታል፤ አይፎኑ አዲስ ተከፍቶ ቋንቋና ዋይፋይ በሚጠይቅበት ጊዜ ሁለቱን ያገናኛሉ፣ ከሚሻገሩት ውስጥ ዋትሳፕን ይመርጣሉ። ሁለቱንም ቻርጅ ላይ ይሰኳቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አዲሱን ስልክ ጓጉቶ ይከፍተዋል፣ ሁሉን ነገር አስተካክሎ መጠቀም ይጀምራል። ከሳምንት በኋላ ዋትሳፑን ላምጣ ሲል አይፎኑን አጽድቶ እንደገና ከዜሮ መጀመር ይጠበቅበታል።

የገዟቸው አፖች አብረው አይሄዱም፤ አይፎን ላይ እንደገና ይገዛሉ። በፕሌይ ስቶር በኩል በየወሩ የሚቆረጥብዎት ክፍያ ካለ ቀድመው ይሰርዙት፣ ስልክ ስለቀየሩ ብቻ አይቆምም። የመግቢያ ኮድ የሚያወጣ አፕ የሚጠቀሙ ከሆነም እሱን ሳያዛውሩ አሮጌውን ስልክ እንዳይነኩት። እንዲያውም ቢያንስ ሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ያኑሩት። አይሽጡት፣ ለልጅም አይስጡት።

በተቃራኒው ከአይፎን ወደ አንድሮይድ የምትሄዱም ሲም ካርዱን ከማውጣታችሁ በፊት ሴቲንግ ገብታችሁ የአይፎኑን መላላኪያ፣ አይሜሴጅን፣ አጥፉት። አለበለዚያ አይፎን ያላቸው ወዳጆቻችሁ የሚልኩት መልእክት ወደ አሮጌው ቦታ እየሄደ እናንተ ጋ ላይደርስ ይችላል።

«የጋላክሲ ኤስ24 አልትራ ካሜራ 200 ሜጋፒክስል ነው፣ የአይፎን 16 ፕሮ 48። ታዲያ ምኑ ያከራክራል?»

ቁጥሩ አይሸውድህ። ዝናብ በጣሳ ስትቀበል አስበው። ጣሳዎቹ ብዙ ግን ጠባብ ከሆኑ እያንዳንዱ የሚይዘው ጥቂት ጠብታ ነው። የካሜራ ፒክስልም፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ትንሽዬ ነጥብ፣ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ጋላክሲው ሴቲንጉን ካልነካኸው 16 ፒክስሎችን እንደ አንድ አዋህዶ ወደ 12 ሜጋፒክስል የሚጠጋ ፎቶ ይሰጥሃል። አይፎኑም እንደ ፋብሪካ ሴቲንጉ የሚያወጣው 24 ነው። 200ው የሚጠቅምህ በደማቅ ብርሃን አንስተህ በኋላ አንዱን ጥግ ቆርጠህ ማስቀረት ስትፈልግ ነው።

በራስህ ዓይን ፈትነው። መብራቱ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ የሚሮጥ ልጅ በሁለቱም አንሳ። ከዚያ ፎቶውን አስፍተህ ጣቶቹን እይ። ጣቶቹ ተለያይተው የታዩበትን ውሰድ።

«የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ዩዝድ ውድ ስልክ ይሻለኛል ወይስ አዲስ መካከለኛ?»

እኔ ወደ ዩዝዱ አደላለሁ፤ አፕዴት የሚያገኝበት ዓመት ከተረፈው። ጎግል በ2023 ፒክስል 8 ከተባለው ስልኩ ጀምሮ፣ ሳምሰንግ ደግሞ በ2024 ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ 7 ዓመት አፕዴት እንሰጣለን ብለዋል። ያ ኤስ24 ሁለት ዓመት ቢያገለግልም እስከ 2031 ይሄዳል ማለት ነው። አፕል በማስታወቂያ ባያደምቀውም በተግባር ብዙ ይቆያል፤ በ2018 የወጣው አይፎን ኤክስኤስ በ2024 የመጣውን አይኦኤስ 18 አግኝቷል። አዲስ መካከለኛ ስልክ ሲያዩ ካሜራውን ከመጠየቅዎ በፊት የስንት ዓመት አፕዴት እንዳለው ይጠይቁ።

ሲገዙ ግን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊትዎ ከአካውንቱ ይውጣ፣ ስልኩንም ሪሴት ያድርገው። ሲከፈት የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ከጠየቀ ይተዉት። አይፎን ከ2013፣ አንድሮይድ ከ2015 ጀምሮ ያለ ባለቤቱ አካውንት የማይከፈት ይህ መቆለፊያ አላቸው፤ «በኋላ እከፍትልዎታለሁ» የሚለውን አይመኑ። አይፎን ከሆነ የባትሪውን ጤንነት ሴቲንግ ውስጥ ይዩ። ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የባትሪ መቀየሪያውን ከዋጋው ላይ ያስቀንሱ። ስክሪኑ ተቀይሮ እንደሆነም «አባውት» የሚለው ገጽ ይነግርዎታል።

«ሌሊቱን ቻርጅ ላይ ባሳድረውስ?»

ብዙ ችግር የለውም፣ ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ባትሪን ግን ቀስ በቀስ የሚጎዳው ሙቀትና ሙሉ ሆኖ ረጅም ሰዓት መቆየት ነው። ስለዚህ በሁለቱም ወገን ያሉት አዳዲስ ስልኮች 80 በመቶ ላይ እንዲያቆሙ ማዘዝ ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ከቻርጀር ለማይርቅ ሰው በቂ ነው። ትራስ ስር ብቻ አታስቀምጪው።

«ወንድሜ ጋላክሲ ገዛልኝ። አንድሮይድ በቫይረስ ይጠቃል ሲሉኝ መጠቀም ፈራሁ።»

እማማ፣ በስጦታዎ ይደሰቱ። ሁለቱም ስርዓቶች እያንዳንዱን አፕ ለብቻው አጥረው ነው የሚያሠሩት፤ አንዱ የሌላውን ዕቃ እንዲሁ አይነካም። አንድሮይድ ከስቶር ውጭ አፕ መጫን ስለሚፈቅድ ጣጣው የሚመጣው በዚያ በር ነው። አንድ ሰው በቴሌግራም «ይሄን ጫኚው» ብሎ ኤፒኬ የሚባል የአፕ መጫኛ ፋይል ቢልክልዎት፣ የሚያውቁት ሰው እንኳ ቢሆን፣ አይጫኑት። የስልክዎን መክፈቻ ቁጥር ሰው እያየ አይጻፉ። ይህ ለአይፎን ባለቤቶችም ይሠራል፤ ሌባ ቁጥሩን አይቶ ስልኩን ከወሰደ ብዙ በር ይከፈትለታል። አይፎን የያዛችሁ «ስቶልን ዲቫይስ ፕሮቴክሽን» የሚለውን፣ ማለትም ቁጥሩን ለሚያውቅ ሌባ የሚከለክለውን መከላከያ፣ ዛሬ አብሩት።

«እኔ አይፎን፣ ባለቤቴ አንድሮይድ። የሕፃኗን ቪዲዮ ስንላላክ ይደበዝዛል። አንዳችን እንቀይር?»

ለዚህ ስልክ አትቀይሩ! በተራ የጽሑፍ መልእክት ስትልኩት ቪዲዮው እጅግ ስለሚጨመቅ ነው። ከ2024ቱ አይኦኤስ 18 ወዲህ አይፎን አርሲኤስ የሚባለውን መላላኪያ ስለሚቀበል፣ ኔትወርካችሁ ካለው ጥራቱ ይሻሻላል። ከሌለውም በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ ላኩት። ግን እንደ ቪዲዮ ሳይሆን አባሪ ምልክቱን ነክታችሁ እንደ ፋይል አያይዙት። ልክ እንደተቀረጸው ይደርሳል።